የአሮጌ ትራክተር ሁለት ዋጋ

እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የኢሊኖይ ግዛት በተካሄደ ሐራጅ፣ በ1913 የተሠራ «ኬስ 30-60» የተባለ ትራክተር ከ1.4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። በስሙ ላይ ከሚታዩት ሁለት ቁጥሮች የመጀመሪያው ማሽኑ ማረሻ ሲጎትት፣ ሁለተኛው ደግሞ በቀበቶ አማካይነት መውቂያ ሲያሽከረክር የሚሰጠውን የፈረስ ጉልበት ያመለክታል። ዛሬ መካከለኛ የሚባል አዲስ ትራክተር ይህንኑ ጉልበት እጅግ ባነሰ ክብደትና ነዳጅ ይሰጣል። ስለዚህ ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣው ሰው ለማረስ እንዳልገዛው ግልጽ ነው። ታዲያ የገዛው ምንድን ነው?

የዚህ ጥያቄ መልስ የአሮጌ ብረት አፍቃሪዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ከእንግሊዝ ፋብሪካዎች ወጥተው በታንጋኒካ ጫካ፣ በገዳሪፍ ሜዳ፣ በሁመራና በጭላሎ ማሳ ላይ የዋሉ ትራክተሮች የምሥራቅ አፍሪካና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ አካል ናቸው። አሮጌ ትራክተር ሁለት ዋጋ አለው፤ አንደኛው የጉልበት፣ ሁለተኛው የትዝታ ነው። በበለጸጉት አገሮች የመጀመሪያው ዋጋ ሲያበቃ ሁለተኛው ይጀምራል። በዚህ አካባቢ ግን ማሽኑ ከጉልበት ዋጋው ሳይወጣ ብረቱ ራሱ ያልቃል፤ የትዝታው ጉዳይም ሳይነሣ ይቀራል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብርቅነት ከየት ይመጣል?

የሐራጅ ዋጋ ሥሩ ብርቅነት ነው፤ የብርቅነት ሥሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የሰሜን አሜሪካን ድንግል መሬት የገለበጡት ግዙፍ ትራክተሮች፣ ቀለል ያሉና ርካሽ ማሽኖች ሲመጡ ሥራ ፈትተው በየእርሻው ጥግ ተጣሉ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሥቶ ለጦር መሣሪያ የሚሆን ብረት ከሕዝቡ በዘመቻ ሲሰበሰብ፣ እያንዳንዳቸው በርካታ ቶን የሚመዝኑት እነዚህ ዝገት የበላቸው ማሽኖች ለዘመቻው የተመቹ ሆነው ተገኙ። ብዙዎቹ ተቆራርጠው ወደ ማቅለጫ ሄዱ። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ዋጋ የሚጠራለት ትራክተር እንግዲህ በዚያን ጊዜ በክብደት ከመሸጥ ያመለጠ ነው።

የዚህ ተቃራኒ ምሳሌ የሚሆነው «ፈርጉሰን ቲኢ-20» ነው። ይህ በግራጫ ቀለሙ የሚታወቅ ትንሽ ትራክተር ከ1946 እስከ 1956 ባሉት ዓመታት 517,651 ያህል ተሠርቷል። ጠንካራና ለጥገና የቀለለ በመሆኑም እጅግ ብዙው እስከ ዛሬ ቆይቷል። በታሪክ ሚዛን ሲመዘን ከማናቸውም ትራክተር የማያንስ ቢሆንም፣ በብሪታንያ ሐራጆች ተራ የሆነው ቲኢ-20 በቅርብ ዓመታት የሚያወጣው ከሁለት እስከ ሦስት ሺህ ፓውንድ ገደማ ነው። በአንጻሩ በእንግሊዝ የኤሴክስ አውራጃ «ዶ» የተባለ የእርሻ መሣሪያ ሻጭ ድርጅት፣ ሁለት ፎርድሰን ትራክተሮችን የፊት ጎማቸውን አውልቆ አንዱን ከአንዱ ኋላ በማጋጠም የሠራው «ትሪፕል ዲ» በጠቅላላው ጥቂት መቶዎች ብቻ ነበር። ይህ ከገበሬ ብልሃት የተወለደ እንግዳ ማሽን ዛሬ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ፓውንድ ይሸጣል።

ይሁን እንጂ ብርቅነት ብቻውን ዋጋ አይሆንም፤ አስታዋሽ ያስፈልገዋል። የሐራጁን ሜዳ የሚሞሉት ገዢዎች በአብዛኛው በልጅነታቸው የነዱትን፣ ወይም አባታቸው ሲነዳ ያዩትን ማሽን የሚፈልጉ ናቸው። ስለሆነም ፍላጎት ከትውልድ ጋር ይጓዛል። ከጦርነቱ በፊት በተሠሩ ተራ ትራክተሮች ላይ ያደገው ትውልድ እያለፈ ሲሄድ የእነዚያ ዋጋ ይቀዘቅዛል፤ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተሠሩት ደግሞ ይወደዳሉ። ለምሳሌ ፎርድ የባዝልደን ፋብሪካውን 25ኛ ዓመት ለማክበር በ1989 በብርማ ቀለም ያወጣቸው 500 «7810» ትራክተሮች፣ ከቲኢ-20 ከአርባ ዓመት በላይ ያነሱ ሆነው ሳለ ዋጋቸው ግን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የትዝታ ገበያ በዕድሜ ብዛት አይመራም፤ የሚመራው በሕይወት ባሉ ሰዎች ትዝታ ነው።

የፈርጉሰን ብልሃት

ቲኢ-20 የማን ሥራ እንደሆነ ማወቅ፣ ይህ ትራክተርና ዘሮቹ ለምን ወደ አፍሪካ በብዛት እንደተጓዙም ያስረዳል። ሃሪ ፈርጉሰን በ1884 በሰሜን አየርላንድ የዳውን አውራጃ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በ1909 መጨረሻ ራሱ በሠራው አውሮፕላን በአየርላንድ ሰማይ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረ ሰው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቤልፋስት የአሜሪካ ትራክተር ይሸጥ ነበር። በ1917 የአየርላንድ የእርሻ ቦርድ የትራክተሮችንና የማረሻዎችን አሠራር እንዲያሻሽል ሲያሰማራው፣ አንድ ትልቅ ጉድለት አስተዋለ። ማረሻው እንደ ጋሪ ከትራክተሩ ኋላ በሰንሰለት ይጎተት ስለነበር፣ ድንጋይ ወይም ሥር ሲይዘው ትራክተሩ በፊት ጎማው ተነሥቶ ወደ ኋላ ይገለበጥና ነጂውን ይገድል ነበር።

ፈርጉሰን ለዚህ ያገኘው መፍትሔ ማረሻውን በሦስት ነጥብ ከትራክተሩ ጋር አጣምሮ፣ በሃይድሮሊክ ኃይል የሚያነሣና የሚያወርድ ማያያዣ ነበር። በዚህ ዘዴ የማረሻው ሸክምና የአፈሩ ጉተታ የትራክተሩን የኋላ ጎማ ወደ መሬት ስለሚጫን፣ ቀላል ማሽን የከባዱን ሥራ ለመሥራት ቻለ። በ1933 የተሠራው የመጀመሪያው ናሙና «ጥቁሩ ትራክተር» ዛሬ በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ይገኛል። በ1936 ከዴቪድ ብራውን ጋር የወጣው «ፈርጉሰን-ብራውን» ከ1,400 በታች ስለነበር ሰብሳቢዎች አጥብቀው ይፈልጉታል።

በ1938 ፈርጉሰን ከሄንሪ ፎርድ ጋር ያለ አንዳች የጽሑፍ ውል፣ በመጨባበጥ ብቻ ተስማማ። በዚህ ስምምነት መሠረት በ1939 የወጣው ትራክተር በብዙ መቶ ሺዎች ተሸጠ። ነገር ግን የልጅ ልጁ ዳግማዊ ሄንሪ ፎርድ ኩባንያውን ሲረከብ ስምምነቱን አፈረሰ፤ ፈርጉሰንም ክስ መሥርቶ በ1952 በ9.25 ሚሊዮን ዶላር እርቅ ተቋጨ። በዚህ መካከል ነበር ቲኢ-20 በኮቨንትሪ ከተማ፣ በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን ሞተር ይሠራበት በነበረው የባነር ሌን ፋብሪካ መመረት የጀመረው። በ1953 የፈርጉሰን ድርጅት ከካናዳው ማሲ-ሃሪስ ጋር ተዋሐደ። ከዚህ ውሕደት የተገኘው «ማሲ ፈርጉሰን» የሚለው ስም ከዳሬ ሰላም እስከ ካርቱም የትራክተር መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ።

በሐራጁ ሜዳ የሚገናኙ ሁለት ገዢዎች

ሰብሳቢ በሐራጅ ዕለት አስቀድሞ የሚያነበው በትራክተሩ አካል ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ ነው። በቲኢ-20 ሰሌዳ ላይ ያሉት ፊደላት ብዙ ይናገራሉ። «ቲኢ» ብቻ ከሆነ ከአሜሪካ የመጣ ኮንቲኔንታል ሞተር ያለው የመጀመሪያው ዘመን ሥራ ነው። «ቲኢኤ» የስታንዳርድ ኩባንያን የቤንዚን ሞተር፣ «ቲኢዲ» ከላምባ በሚቀራረብ ርካሽ ነዳጅ የሚሠራውን፣ «ቲኢኤፍ» ደግሞ የናፍጣውን ያመለክታል። ሰብሳቢው ቀጥሎ ቁጥሩ ከሞተሩ ጋር መስማማቱን፣ ቆርቆሮው የፋብሪካው መሆኑን፣ የግዢ ደረሰኝና መመሪያ መጽሐፍ መኖሩን ይመለከታል። ቀድሞ አዲስ ቀለም የተቀባ ማሽን ይመረጥ ነበር። እየቆየ ግን ብዙ ሰብሳቢዎች የመጀመሪያ ቀለሙን፣ ጭረቱንና የእጅ መዳፍ ያለሰለሰውን መሪ ሳይቀር እንደያዘ የቆየውን ማስበለጥ ጀምረዋል፤ ቀለም ደግሞ ሊቀባ ይችላልና፣ የጠፋ ታሪክ ግን አይመለስም።

በዚያው ሜዳ ላይ ግን ሌላ ገዢም ይቆማል። በኬምብሪጅሸር በሰተን መንደር በሚካሄደው ታዋቂ የእርሻ መሣሪያዎች ሐራጅ ከአፍሪካ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከእስያ የሚመጡ ነጋዴዎች መታየት ከጀመሩ ዘመናት ተቆጥረዋል። እነዚህ ነጋዴዎች ጭረትና የቀለም ጥራት አያስጨንቃቸውም። የሚጠይቁት ሞተሩ ይነሣል ወይ፣ ማርሹ ይገባል ወይ፣ ሃይድሮሊኩ ያነሣል ወይ የሚለውን ነው። ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉትም በ1964 መጨረሻ የወጣውን «ማሲ ፈርጉሰን 135» እና ከፍ ያሉትን ወንድሞቹን ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። 135 ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር ያለው፣ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል የሌለው፣ በየትም ጋራዥ የሚፈታና የሚገጠም ትራክተር ነው። የኮቨንትሪው ፋብሪካ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቢዘጋም፣ የዚያ ዘመን ንድፍ በሕንዱ ታፌ፣ በፓኪስታኑ ሚላትና በዩጎዝላቪያው አይ.ኤም.ቲ. ፋብሪካዎች በፈቃድ ይሠራ ስለነበር መለዋወጫው አልጠፋም። ስለዚህ 135 ከሌሎች አሮጌ ትራክተሮች የተለየ ዋጋ ያዘ። እንግሊዛዊው ሰብሳቢ የአባቱን ትራክተር ብሎ ይጫረታል፤ የባሕር ማዶው ነጋዴ የነገ ዓመት እርሻን አስቦ ይጫረታል። ሁለቱም አንዱን ብረት ሲሻሙ የትዝታ ዋጋና የጉልበት ዋጋ በአንድ መዶሻ ይመታሉ። ሰብሳቢው ካሸነፈ ትራክተሩ ወደ ደረቅ መጋዘን ይገባል፤ ነጋዴው ካሸነፈ ወደ መርከብ ይጫናል፣ ከዚያም እስኪያልቅ ይሠራል።

ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየ ዕቅድ

ትራክተር በምሥራቅ አፍሪካ ምን ዓይነት ትዝታ ጥሎ እንዳለፈ ለመረዳት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዳበቃበት ጊዜ መመለስ ያሻል። በ1946 ብሪታንያ ከባድ የቅባት እጥረት ነበረባት። የዩናይትድ አፍሪካ ኩባንያ ኃላፊ የነበረው ፍራንክ ሳሙኤል በታንጋኒካ ለውዝ በሰፊው እንዲመረት ሐሳብ አቀረበ፤ የሌበር መንግሥትም ተቀበለው። ዕቅዱ በስድስት ዓመት ውስጥ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ኤከር ጫካ መንጥሮ ለማልማት ነበር፤ 25 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተመደበለት። የሥራው ማዕከል በመካከለኛው ታንጋኒካ የምትገኘው ኮንግዋ ሆነች።

ከጦርነቱ ማግስት አዲስ ትራክተር በገበያ ላይ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ስለሆነም ከፊሊፒንስ ድረስ የጦር ሠራዊት ትራፊ የነበሩ ቡልዶዘሮችና ትራክተሮች ተገዝተው መጡ። የቪከርስ ኩባንያ ደግሞ የሸርማን ታንኮችን ወደ ሰንሰለታም ትራክተርነት ለውጦ «ሸርቪክ» የሚል ስም ሰጣቸው። የታንክ ብረት ማረሻ ሆነ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ማሽኖቹ ገና ከመምጣታቸው ደክመው ነበር፤ ከ1947 ማብቂያ በፊት ከሦስቱ እጅ ሁለቱ ከሥራ ውጪ ሆኑ። የባኦባብ ዛፍ ግንድና ከመሬት በታች የተጠላለፈው የቁጥቋጦ ሥር የማረሻውን ስለት ሰበረ። ዝናብ ሲቀር የኮንግዋ ሸክላማ አፈር እንደ ጡብ ስለሚደርቅ፣ የበቀለውን ለውዝ ቆፍሮ ማውጣት ራሱ ፈተና ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት 150 ሺህ ኤከር ለማልማት ታስቦ የተዘራው ከአሥር ሺህ ኤከር በታች ነበር። በጥር 1951 ዕቅዱ መሰረዙ ሲነገር የባከነው ገንዘብ 36 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ደርሶ ነበር።

ስሕተቱ የትራክተሩ ብቻ አልነበረም። የጎጎ ሕዝብ ስለ ዝናቡና ስለ አፈሩ የሚያውቀውን የጠየቀ አልነበረም። ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ፣ ዕቅድ አውጪዎቹ ከለንደን ሆነው ሜዳውን አዩ፤ ሥሩን ግን አላዩም። የኮንግዋ መሬት ከዚያ ወዲህ የከብት እርባታ ሆነ፤ ከ1964 ጀምሮም ኮንግዋ የደቡባዊ አፍሪካ ነጻ አውጪ ንቅናቄዎች ተዋጊዎች ሰፈር ለመሆን በቃች። ሸርቪክ ግን ዛሬ በሐራጅ ቢቀርብ ሰብሳቢን የሚያሻማ ብርቅ ነው። ለአንዱ ውርደት የነበረው ማሽን ለሌላው ቅርስ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ገዳሪፍ፣ ሁመራ፣ ጭላሎ

ከኮንግዋ ወደ ሰሜን፣ ትራክተር የተሳካለት ቦታ ነበር። በሱዳን የገዳሪፍ አካባቢ፣ በጥቁሩ የመረሬ መሬት ላይ፣ በ1944 እና 1945 በምሥራቅ አፍሪካ የነበረውን ጦር ለመቀለብ በጋዳምባሊያ የማሽላ እርሻ በትራክተር ተጀመረ። ሜዳው ጠፍጣፋ፣ ዛፉ ጥቂት በመሆኑ ኮንግዋን የጣለው ችግር እዚህ አልነበረም። ከ1954 ወዲህ መሬቱ በሺህ ፈዳን እየተሸነሸነ ለግል ነጋዴዎች ሲሰጥ፣ ትራክተርና ሰፊ ዲስክ ማረሻ ያለው ሰው በአንድ ክረምት ሀብታም ሊሆን ይችል ነበር።

ይኸው አሠራር በ1960ዎቹ ድንበሩን ተሻግሮ በሰቲት ሁመራ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ማሳ ላይ ታየ። ትራክተሩ ያርሳል፣ ይዘራል፤ አረሙንና አጨዳውን ግን ከደጋው በየዓመቱ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች በእጃቸው ይሠሩት ነበር። ስለዚህ በሁመራ ትራክተር የሰውን ጉልበት አላስቀረም፤ ይልቁንም ለብዙ ሺህ ሰው ወቅታዊ ሥራ ፈጠረ። የወባውና የሙቀቱ መከራ ግን የሠራተኛው ድርሻ ሆነ።

በአርሲ የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ «ካዱ» የሚባለው፣ ዓላማው ትንንሹን ገበሬ መርዳት ነበር። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ሲመጣ መሬቱ ምን ያህል ሊሰጥ እንደሚችል ተገለጠ። ይህን ያስተዋሉ ባለርስቶች ግን ከጭሰኛው እኩሌታ ወይም ሲሶ ከመጠበቅ ይልቅ ራሳቸው በትራክተር ማረስ መረጡ። የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነጻ ይገባ ነበር፤ ለነዳጁም የግብር ምሕረት ነበረው። እንግዲህ ትራክተሩ ከበሬና ከጭሰኛ ይልቅ ርካሽ ሆኖ ተገኘ። ለትውልድ ያረሱትን መሬት ለቀው እንዲወጡ የተደረጉ የጭላሎ ጭሰኞች ዘንድ የዚያ ሞተር ድምፅ የመፈናቀል ድምፅ ነበር። «መሬት ላራሹ» የሚለው ጥያቄ ሲፋፋም፣ የጭሰኞቹ መፈናቀል ከሚነሡት ምሳሌዎች አንዱ ሆነ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ታሪኩ ተገለበጠ። ሰፋፊ የግል እርሻዎች ከነትራክተራቸው ተወረሱና ብዙዎቹ የመንግሥት እርሻ ሆኑ። ማሲ ፈርጉሰንና ፊያት ከነበሩበት ጓሮ ከሚንስክ የመጡት «ቤላሩስ» ትራክተሮች ተሰለፉ፤ በናዝሬትም በሶቪየት ኅብረት እርዳታ መገጣጠሚያ ተቋቋመ። የመንግሥት እርሻዎች ከእርሻ በጀቱ ከፍተኛውን ድርሻ ቢወስዱም ብዙዎቹ በኪሣራ ይሠሩ ነበር። ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ከነዚህ ማሽኖች ብዙዎቹ ጎማቸው ወልቆ፣ ሞተራቸው ለሌላው መለዋወጫ ሆኖ ቀሩ።

በኪሎ የሚሸጥ ታሪክ

በዚህ አካባቢ የአሮጌ ትራክተር ፍጻሜ ይታወቃል። በመጀመሪያ ባለቤቱ ያርስበታል፤ ቀጥሎ በሄክታር ያከራየዋል። ሲደክም ሁለት ሦስቱ ተፈትተው አንዱን ያቆማሉ። የፊቱ ከአንዱ፣ የኋላው ከሌላው፣ ቆርቆሮው ከመንደር ባለሙያ የሆነ ትራክተር ለሰብሳቢ ዋጋ የለውም፤ ለገበሬው ግን ዝናብ ሳያመልጠው የሚያርስለት እሱ ነው። በመጨረሻ የቀረው ብረት ወደ ቆራሌው ሚዛን፣ ከዚያም ወደ ምናለሽ ተራ ወይም ወደ ማቅለጫው ይሄዳል። የኢሊኖይ ገበሬ በ1940ዎቹ ያደረገውን ነው የሚያደርገው። በዚህ ሊወቀስ አይገባም፤ ልጆቹን የሚመግብበትን ብረት ለትዝታ ብሎ ሊያቆም አይችልም።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። በአሜሪካና በብሪታንያ ከማቅለጫ ያመለጡት ጥቂቶች የትኛው ማሽን መቼ እንደተሠራ፣ ማን እንደገዛው፣ በምን ማሳ ላይ እንደዋለ ከሚናገር ወረቀት ጋር ቆዩ። የሐራጁ ገዢ አንድ ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ የሚወስደው በአመዛኙ ይህን ታሪክ ነው። በአፍሪካ ቀንድ ግን ከብረቱ በፊት ወረቀቱ ጠፋ። የተወረሱት ትራክተሮች ዝርዝር፣ የመንግሥት እርሻዎች የሥራ መዝገብ፣ የጥገና ካርዶቹ በየመጋዘኑ የምስጥ ቀለብ ከመሆን ያመለጡበት ቦታ ጥቂት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በካዱ ዘመን መሪ የያዙት ነጂዎችና ከዚያው ትራክተር ፊት ጎጇቸውን ያፈረሱት ጭሰኞች አብዛኞቹ አልፈዋል፤ በሕይወት ያሉትም አርጅተዋል።

የገበሬው ማረሻና ቀንበር በየሙዚየሙ እንደ ቅርስ ይቀመጣል፤ ይህም ተገቢ ነው። ትራክተር ግን ባዕድ ብረት ተብሎ ይታለፋል። ሆኖም የኮንግዋን ውድቀት፣ የገዳሪፍን ብልጽግና፣ የሁመራን ላብ፣ የጭላሎን መፈናቀልና የመንግሥት እርሻን ተስፋ በአንድነት የተሸከመ ሌላ ዕቃ ማግኘት ያስቸግራል። አንድ የካዱ ዘመን ማሲ ፈርጉሰን፣ አንድ የመንግሥት እርሻ ቤላሩስ፣ ከነሰሌዳ ቁጥራቸው ተጠብቀው ነጂዎቻቸውና ተፈናቃዮቻቸው ከሰጡት ቃል ጋር ቢቀመጡ የሚጠይቁት ወጪ ብዙ አይደለም። በሐራጅ ዋጋ ሲታሰቡ ሁለቱም ተራ ማሽኖች ናቸው፤ ለመግዛት የሚሻማባቸው ሀብታም አይኖርም። ገና ርካሽ ሳሉ ማትረፍ የሚቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ብርቅ እስኪሆኑ የሚጠብቅ ግን አብዛኞቹ ከቀለጡ በኋላ ይደርሳል።